«ሲምፕሰንሶች ተንብየውት ነበር»፦ እውነት ወይስ ተረት?

ፀጉር አስተካካዬ ማሽኑን አጥፍቶ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነው። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ።» በካርቱን የተሣሉ ዶናልድ ትራምፕ በተንቀሳቃሽ ደረጃ እየወረዱ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ከጎናቸው እውነተኛው ትራምፕ በዚያው ዓይነት ደረጃ፣ በዚያው አኳኋን ይወርዳሉ። ከሥሩ «ሲምፕሰንስ በ2000 የተነበየው» ይላል፤ የአሜሪካኖቹን የካርቱን ፕሮግራም ማለቱ ነው።

«በፈረንጅ ነው በኛ?» አልኩት።

«በፈረንጅ ነዋ! በኛ ቢሆንማ ምኑ ይገርማል?»

ግማሹ ራሴ ተስተካክሎ ግማሹ ስለቀረ ተነስቶ መሄድ አይታሰብም። ከዚህ በታች ያለው ያን ቀን ወንበሩ ላይ ሆኜ ያልኩት ነው፤ ቤት ከገባሁ በኋላ «ምነው ይችንም በጨመርኩለት» ያልኩት ተደምሮበት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ይባላል፦ የደረጃው ካርቱን ትራምፕ ከመወዳደራቸው 15 ዓመት ቀድሞ ተሠርቷል

ተረት። ትራምፕ ኒውዮርክ በሚገኘው ሕንፃቸው ደረጃ ወርደው ለፕሬዚዳንትነት እንደሚወዳደሩ ያስታወቁት ጁን 16 ቀን 2015 ነው። ካርቱኑ በዩቲዩብ የተለቀቀው በቀጣዩ ወር፣ በጁላይ። ሠሪዎቹ ዜናውን አዩ፣ ያዩትን ሣሉ፣ አፌዙበት። መመሳሰሉ የሠዓሊው ሙያ እንጂ የነቢይ ሥራ አይደለም። ከዚያ አንድ ስሙ የማይታወቅ ሰው ከሥሩ «2000» ብሎ ጻፈ፤ ቀልዱን ትንቢት ያደረገችው ያቺ ቁጥር ናት።

ግን ቁጥሯ ከሜዳ አልታፈሰችም።

ይባላል፦ ደረጃው ይቅር፤ «ፕሬዚዳንት ትራምፕ» የሚለው ግን በ2000 ተነግሯል

ይኼኛው ተነግሯል። ማርች 19 ቀን 2000 በታየው ክፍል የሲምፕሰን ቤተሰብ ልጅ ባርት የወደፊት ሕይወቱን ያያል። ዘመኑ 2030 ነው፤ እሱ ጎልምሶ ሥራ ፈት ጊታር መቺ ሆኗል፣ እህቱ ሊሳ ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆናለች። ሊሳ ከአማካሪዎቿ ጋር ተቀምጣ ከፕሬዚዳንት ትራምፕ የበጀት ቀውስ እንደወረሱ ትናገራለች። በቃ፣ ይቺው ናት። አንድ ዓረፍተ ነገር። ትራምፕ አይታዩም፣ አይናገሩም። ወሬው የሚያያይዘው የደረጃው ሥዕል ከ2015ቱ አጭር ቪዲዮ የተቀዳ ነው።

ሰው የሚዘለው ነገር ግን ሌላ ነው። ትራምፕ በዚያ ሰሞን በእርግጥም ለፕሬዚዳንትነት ሲያማትሩ ነበር። በኦክቶበር 1999 የሪፎርም ፓርቲን ዕጩነት አስበው ሁኔታውን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ነገሩን የተዉት ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2000 ነው። ክፍሉ ሊታይ የቀረው አምስት ሳምንት አይሞላም። ኦፕራ ዊንፍሬይ ስለዚሁ ጉዳይ በቴሌቪዥን የጠየቀቻቸው ደግሞ በ1988 ነው። እንግዲህ የድርሰቱ ጸሐፊ ዳን ግሪኒ ጋዜጣ አንባቢ መሆን ብቻ ይበቃው ነበር። በ2016 ሲጠየቅ እንዳስረዳው፣ ሊሳ የምትረከበው አገር ክፉኛ የተበላሸ እንዲሆን ፈለጉ፣ ለዚያ የሚሆን ስም መረጡ። እንደ ማስጠንቀቂያም ቆጥሮታል።

ደግሞም «እገሌ ፕሬዚዳንት ሆነ» የሚለው ቀልድ የዚህ ዓይነት ታሪክ ቅመም ነው። በ1985ቱ «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ፊልም ወደ 1955 የተመለሰው ወጣት ፕሬዚዳንቱ ሮናልድ ሬገን እንደሆነ ሲናገር ሳይንቲስቱ የፊልም ተዋናዩ እንዴት ተደርጎ ብሎ ያፌዝበታል። የ2000ው ክፍል ርዕስ ራሱ በዚያ ፊልም ስም ላይ የተቀለደ ነው።

በጁላይ 2024 ካማላ ሃሪስ ዕጩ ሊሆኑ ሲሉ ይኸው ክፍል እንደገና ተመዘዘ። ፕሬዚዳንቷ ሊሳ የለበሰችው ሐምራዊ ልብስና የዕንቁ ሐብል፣ ሃሪስ በ2021 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ከለበሱት ጋር አንድ ነው ተባለ። በኖቬምበር ሃሪስ ተሸነፉ። «ሲምፕሰንስ ሳተ» የሚል ቪዲዮ እስካሁን አልደረሰኝም።

ይባላል፦ ደራሲዎቹ የቤተሰቡን ነገ አንድ ቦታ ጽፈው አስቀምጠውታል

ስለ ትራምፕ ከሚወራው ይልቅ እኔን የሚስበኝ ይኼ ነው። የኛ ሥነ ጽሑፍ መምህራን ወደኋላ ለሚመለስ ትረካ «ምልሰት» የሚል ስም ሰጥተውታል። ወደፊት ለሚዘለው እንደዚያ አፍ ላይ የገባ ስም የለንም፤ እዚህ «ዝላይ» ልበለው።

ሲምፕሰንስ ዝላይ የሚያስፈልገው ሰዎቹ ስለማያረጁ ነው። በ1987 በትሬሲ ኡልማን ትርዒት መሐል በሚገቡ ቁራጭ ካርቱኖች ጀመሩ፣ በዲሴምበር 1989 የራሳቸውን ፕሮግራም አገኙ። ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረው ባርት ዛሬም አሥር ዓመቱ ነው። ሊሳ ስምንት፣ ትንሿ እህታቸው ማጊ አንድ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የልጅ ሰርግ የለም፣ የልጅ ፍቺ የለም፣ የልጅ ልጅ የለም። የቤተሰብ ታሪክ ደግሞ ያለ እነዚህ ምኑን የቤተሰብ ታሪክ ሆነ? ስለዚህ ደራሲዎቹ አንድ በር ሠሩ፤ ገብተው ያረጁበታል፣ ሲጨርሱ ይዘጉታል።

በሩን የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ የማይታመን ሰው ነው። በ1995 ካርታ የምትጥል ጠንቋይ፣ በ2000 የቁማር ቤት ኃላፊ፣ በ2005 የሳይንቲስቱ የፕሮፌሰር ፍሪንክ መሣሪያ። ይኼ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። «ተረት ተረት» ሲሉን «የመሠረት» ብለን ገብተን፣ በመጨረሻ «ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው እንደሚያስወጡን ያለ ነው። ተረቱ ካልተመለሰ በሚቀጥለው ሳምንት ባርት እንደገና አሥር ዓመቱ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህም የሊሳ ነገ አንድ አይደለም። በ1995ቱ ዝላይ ሂው ፓርክፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ ልታገባ ነው፤ በ2000ው ፕሬዚዳንት ነች፤ በ2011ዱ የባርትን ጓደኛ ሚልሃውስን አግብታ ዚያ የምትባል ልጅ አላት። የትኛው ነው ትንቢቱ? ልክ ነው፣ አልፎ አልፎ ክሩ ይቀጠላል። በ2005 የባርት የሴት ጓደኛ ሆና የመጣችው ጄንዳ በ2011 የፈታችው ሚስቱ ሆና ተመልሳለች። ግን ይህ ደራሲ የቀድሞ ሥራውን አስታውሶ የጣለው ፍርፋሪ ነው፤ ዕቅድ ለመባል አይበቃም።

ይባላል፦ የስልክ ሰዓትና የቪዲዮ ጥሪን ፈልስፈዋል

በፍጹም። ዲክ ትሬሲ የተባለው የጋዜጣ ካርቱን መርማሪ በእጅ ሰዓቱ ሬድዮ ማውራት የጀመረው በ1946 ነው። ጄትሰንሶች የተባሉት የካርቱን ቤተሰብ በ1962 ፊት ለፊት እየተያዩ በስክሪን ያወሩ ነበር። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ደግሞ በ1964ቱ የኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሚሠራ የምስል ስልክ አቅርቦ ሰው ሲሞክረው ውሏል። ሲምፕሰንስ ያደረገው በዚህ ያረጀ ሕልም መቀለድ ነው። በ1995ቱ ክፍል የነባርት እናት ማርጅ በምስል ስልክ ከልጇ ከሊሳ ጋር ስታወራ የምትሰጠው ቃል እንዳይቆጠርባት ጣቶቿን ታቆላልፋለች፤ ልጇ እያየቻት መሆኑን ረስታዋለች። የኔ እናት ዛሬም ካሜራው ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ነው የምታወራኝ። ያቺን ትዕይንት ሳይ የሚያስቀኝ ማሽኑ አይደለም።

በዚያው ክፍል ውስጥ ሲያለቅሱ ጭንቅላታቸው የሚቀልጥ ሮቦቶች አሉ፤ ያለፈ ሦስተኛ የዓለም ጦርነትም አለ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በ2010 ነው፤ ለኛ ገና በ2002። እነዚህን ማንም አይቆጥርም።

ይባላል፦ ዝላዮቹ ስለ ነገ የሚያወሩ ክፍሎች ናቸው

እዚህ ላይ ያንን የ1995 ክፍል ቀረብ ብለን እንየው፤ «የሊሳ ሰርግ» ይባላል። ግሬግ ዳንኤልስ ጽፎት፣ ጂም ሪርደን አዘጋጅቶት፣ በዚያው ዓመት የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። ለኔ ከዝላዮቹ ሁሉ የሚስተካከለው የለም።

የስምንት ዓመቷ ሊሳ የጥንት ዘመን ልብስ ከሚለበስበት ባዛር ወጣ ብላ ጠንቋይዋ ዘንድ ትገባለች። የመጀመሪያው ካርታ ሞት ይወጣል። ልጅቷ ስትደነግጥ ሴትዮዋ «ለውጥ ማለት ነው፣ አትፍሪ» በሚል አኳኋን ታልፈዋለች። ቀጥሎ ደስተኛዋ ሽኮኮ ትወጣለች፤ አሁን የምትደነግጠው ጠንቋይዋ ነች። መጥፎ ነው ወይ ብትባል ካርታዎቹ ግልጽ አይደሉም ብላ ታመልጣለች። እንግዲህ ፕሮግራሙ ራሱ በትንቢት ላይ ያለውን አቋም በሩ ላይ ለጥፎታል፤ የማያነብ ካለ ጥፋቱ የነሱ አይደለም።

ከዚያ ሂው ይመጣል፤ የተማረ፣ ጨዋ፣ ደጋግ ቤተሰብ ያለው። አባቷ ሆመርና ባርት እንግዳቸውን ለማክበር የሰቀሉት የእንግሊዝ ባንዲራ እሳት ይይዘዋል፤ እነሱም ለማጥፋት ይረባረባሉ። ሂው ሁሉንም ችሎ ያልፋል። ሆመር ደግሞ በሰርጉ ቀን እንዲያደርጋቸው በአሳማ ቅርጽ የተሠሩ የሸሚዝ እጅጌ ቁልፎች ይሰጠዋል። አስቀያሚ ናቸው። ሂው በትሕትና ይቀበላል።

በሰርጉ ቀን ሆመር ሊሳ ክፍል ይገባል። ሆመር ንግግር አዋቂ አይደለም፤ ስሙ ከተጠራበት ነገር ሁሉ እሷን የሚያህል እንደሌለ ይነግራታል፣ ይወጣል። ትንሽ ቆይታ ሊሳ የሂውን እጅጌ ታያለች። አሳማዎቹ የሉም። ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለአባቴ ስትል አድርጋቸው ትለዋለች። ምላሹ ቁልፎቹን እምቢ ከማለት የባሰ ነው፤ እንግሊዝ ከሄዱ በኋላ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ብዙም ጉዳይ እንደማይኖራቸው ያስባል። ለሷ እንደ መልካም ዜና ነው የነገራት። ሰርጉ እዚያ ላይ ፈረሰ።

አማቹን የማያውቅ አማች፣ ወላጆቿ ያሳፈሯት የተማረች ልጅ፣ ያሳፈሯትን ሌላ ሰው ሲንቃቸው ግን ደሟ የሚፈላ፤ የ2010 ጉዳይ ነው ይኼ? በማንኛውም ዓመት፣ በማንኛውም ሠፈር የሚሆን ነው። ዓመተ ምሕረቱ የሰርግ ልብስ ነው፣ ተውሰው ለብሰው የመለሱት። ወደ ባዛሩ ስንመለስ ጠንቋይዋ የሊሳን እውነተኛ ፍቅር እንዳላሳየቻት፣ የሷ ሙያ የማይሆኑትን ወንዶች መንገር ብቻ እንደሆነ ታስረዳለች። ልጅቷ ወጥታ አባቷን ፈልጋ ታገኘዋለች፤ እሱ የባዛር ውሎውን ሲለፈልፍላት አብራው ትሄዳለች።

ይባላል፦ ዝላይ ሲመጣ ፕሮግራሙ ሊያልቅ ነው

አንዴ እውነት ለመሆን ተቃርቦ ነበር። የ2011ዱ የገና ዝላይ ሲሠራ የድምፅ ተዋንያኑ ክፍያ ይቀነስ ተብሎ ድርድሩ ከርሮ ስለነበር፣ መጨረሻው ቢሆን እንኳ መሰነባበቻ እንዲሆን ታስቦ ተሠራ። ስምምነት ተደረሰ፤ መሰነባበቻው እንደ ማንኛውም ሳምንት ክፍል ሆኖ ቀረ።

የማርጅ ነገር ግን ለየት ይላል። በሜይ 2025 በታየው የምዕራፍ 36 መዝጊያ 35 ዓመት ወደፊት ይዘለላል፤ ማርጅ ሞታለች፣ ሆመር መቃብሯ ላይ ተንበርክኮ ያለቅሳል። ከሳምንታት በኋላ «ማርጅን ገደሏት» የሚል ወሬ ዓለምን ዞረ። ከፕሮግራሙ መሪዎች አንዱ የሆነው ማት ሰልማን ወጥቶ የወደፊት ክፍሎቻቸው ሁሉ በየጊዜው የሚለዋወጥ ምናብ እንደሆኑ፣ ማርጅም የሞተችው በዚያች አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻ እንደሆነ ማስረዳት ነበረበት። በክፍሉ መጨረሻ ማርጅ ከሰማይ ቁልቁል ልጆቿን ታያለች፤ ከጎኗ የቢትልሱ ሪንጎ ስታር ባሏ ሆኖ ቆሟል። ይህን አይቶ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ክፍሉን እስከ መጨረሻ አላየውም ማለት ነው።

«ታዲያ ማርጅ አለች?» አለኝ አስተካካዬ። ከሁሉ ይቺ ነች የከነከነችው።

«አለች።»

«ተመስገን!» ማሽኑን አስነሳ፣ ጆሮዬ አጠገብ ደርሶ መልሶ አጠፋው። «የዓለም ዋንጫው ግን ጋሼ... ፖርቱጋልና ሜክሲኮ ለፍጻሜ እንደሚደርሱ አሳይተዋል አሉ።»

በ1997 በታየ ክፍል ውስጥ የነሆመር ከተማ በሆነችው ስፕሪንግፊልድ ላይ የተደረገ ግጥሚያ እንደሆነ፣ ዓመት እንዳልተጠራበት፣ በ2018ም በ2022ም ከውድድሩ በፊት ይኸው ወሬ እንደተናፈሰ ነገርኩት። ፍጻሜው አንዴ ፈረንሳይና ክሮኤሺያ፣ አንዴ አርጀንቲናና ፈረንሳይ ሆነ።

ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ለሚቀጥለው ነዋ» አለ።