«ካርዱ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት

ጁባ ታውን ውስጥ ሊኑክስ ጭኖ ኔትወርክ እምቢ ያለው ሰው ዘንድሮም የሚሰማው ፍርድ ያው ነው፦ «ካርዱ ተቃጥሏል።» ይህን አምኖ በዶላር ሌላ የዋይፋይ ካርድ የገዛ የአገር ልጅ አውቃለሁ። አዲሱም እንደ አሮጌው ዝም አለው። ሁለቱም ሪልቴክ ነበሩ፤ ሁለቱም ጤነኛ ነበሩ።

እምነቱ ከመሬት አልተነሳም። በጄኔሬተር በሚኖር ከተማ ቮልቴጅ ሲዘል ዕቃ ይመታል። ስለዚህ «ተቃጥሏል» ባዩ አንዳንዴ ይሳካለታል። የሚያናድደኝ ሳይፈትሽ ማስከፈሉ ነው።

አብዛኞቹ የዋይፋይ ቺፖች ፈርምዌር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ካልተጫነላቸው ሥራ አይጀምሩም። ኃይል ሲቋረጥ ስለሚጠፋባቸው፣ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እንደገና ይጭንላቸዋል። ዊንዶውስ ፈርምዌሩን ከድራይቨሩ ጋር ይዞት ይመጣል። ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ ግን ነፃ ሶፍትዌር አይደለም በማለት እስከ 11ኛው እትም ድረስ ከመደበኛ መጫኛው ውጭ አድርጎት ነበር፤ ያካተተው እ.ኤ.አ. በጁን 2023 በወጣው ዴቢያን 12 ነው። አንድ አሮጌ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ቦታ ደግሞ የሚጫነው የቱ እንደሆነ መገመት አይከብድም። መጫኛው ራሱ የጎደለውን ፋይል በስሙ ጠርቶ ይጠይቃል፤ ጫኙ ግን ሳያነብ «ቀጥል» ይላል።

እና ፍተሻው? ተርሚናል ከፍተው ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ የሚሉትን አምስት የላቲን ፊደላት አያይዘው ይጻፉ፤ ካርዱ የዩኤስቢ ከሆነ መጨረሻው በፒ-ሲ-አይ ፋንታ ዩ-ኤስ-ቢ ይሁን። የካርዱ ስም ከመጣ፣ ቺፑ ከማሽኑ ጋር እየተነጋገረ ነውና መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፈርምዌሩ ነው። ስሙ ጨርሶ ከሌለ፣ ባዮስ ውስጥ እንዳልተዘጋ ይዩ፤ ያኔ ስለ መቃጠል እናወራለን። የገመድ ካርድ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፦ ቺፑ እየታየ ፖርቱ ብቻ ሊመታ ይችላል። ሌላ ማሽን ላይ በሚሠራ ኬብል ሞክረው የፖርቱ መብራት ካልበራ ጥርጣሬው ተገቢ ነው።

የቀሩት ወሬዎች ብዙ ጊዜ አይፈጁም። «ኢቲኤች0 ካልታየ ካርድ የለም» ይባላል፤ ከ2013 ወዲህ በብዙ ሊኑክሶች ስሙ ኢኤንፒ3ኤስ0 የመሰለ ሆኗል። ፍሪቢኤስዲ የተባለው ሌላ ሲስተም ደግሞ በድራይቨሩ ስለሚሰይም የሪልቴክን የገመድ ካርድ አርኢ0 ይለዋል። ከካርዱ ጋር የመጣው የዊንዶውስ ድራይቨር ሲዲ? መልሰው ካርቶኑ ውስጥ ይክተቱት።

«ያለ ዋይፋይ ፈርምዌሩን ማውረድ አይቻልም» የሚሉም አሉ። አንድሮይድ ስልክዎን በዩኤስቢ ሰክተው ቴተሪንግ ያብሩ፤ ሊኑክስ እንደ ገመድ ካርድ ያየዋል፣ ፈርምዌርም አይጠይቅም። ካርዱ እየሠራ ማዘመኛው «ፋይሉ ገና አልጸናም» ካለዎት ደግሞ ኔትወርኩን ትተው ቀኑን ይመልከቱ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ ይሄዳል።

በሚቀጥለው ጊዜ «ተቃጥሏል» የሚል ባለሙያ ሲያጋጥምዎ፣ ያችን ትእዛዝ ፊትዎ ጽፎ ውጤቱን ያሳይዎ። ካላሳየ አይክፈሉት።