ነጭ ስክሪን ወይስ ጥቁር? ዓይን የራሱ ምርጫ አለው

እ.ኤ.አ. በ2018 አፕል ለኮምፒውተሮቹ፣ በ2019 ደግሞ አፕልና ጉግል ለስልኮች ዳርክ ሞድን ካስገቡ ወዲህ፣ ስልክ የያዘ ሁሉ አንድ ምርጫ ቀርቦለታል፤ ነጭ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ወይስ ጥቁር ላይ ነጭ? ብዙ ሰው ጥቁሩን የሚመርጠው ዓይን ያሳርፋል ብሎ ነው። ይህ እምነት ግማሽ እውነት አለው። ግማሹ ግን ዓይናችን ከሚሠራበት መንገድ ጋር ይጋጫል።

ጥቁር ስክሪን አዲስ ነገር አይደለም። ብዙዎቹ የድሮ ኮምፒውተሮች በጥቁር ላይ አረንጓዴ ፊደል ነበር የሚያሳዩት። በ1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ የዜሮክስ ኩባንያ ተመራማሪዎች የሠሩት አልቶ የተባለው ኮምፒውተር ግን ስክሪኑን እንደ ወረቀት ነጭ፣ ፊደሉን ጥቁር አደረገው። ውሎ አድሮ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ይህንኑ ተከተሉ።

ለንባብ የሚበጀውም ይኸው ነው። በጀርመን የዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ወጣቶችም አረጋውያንም ጥቃቅን ቅርጾችን የለዩትና የጽሑፍ ስህተቶችን ነቅሰው ያወጡት ከጥቁር ይልቅ በነጭ መደብ ላይ በተሻለ ሁኔታ ነበር። ምክንያቱ ያለው ብሌናችን ላይ ነው። ብርሃን ሲበዛ ብሌን ይጠባል፤ ያኔ ብርሃኑ የሚገባው በዓይን ሌንስ መካከለኛ ክፍል ብቻ ስለሚሆን ምስሉ ይጠራል። መደቡ ሲጨልም ብሌን ይሰፋል፤ ብርሃን በሌንሱ ዳርና ዳርም ይገባል፤ የዓይናችን ጉድለት ሁሉ ይገለጣል። አስቲግማቲዝም የተባለው የዓይን ቅርጽ ጉድለት ያለበት ሰው በጥቁር ላይ ያለ ነጭ ፊደል ብርሃኑ ወደ ጎን ሲፈስስ ይታየዋል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ፊደል ይበልጥ ያሳስበኛል። «ሊ» እና «ሌ» የሚለያዩት በእግራቸው ሥር ባለች ትንሽ ምልክት ነው። የፊደሉ ብርሃን ተስፋፍቶ የ«ሌ»ን ቀለበት ከሞላው አንባቢው ቃሉን በግምት ይጨርሰዋል። አማርኛን በትንንሽ ፊደል በጥቁር መደብ ላይ ማቅረብ፣ በተለይ ለረጅም ጽሑፍ፣ ልክ አይመስለኝም።

ጥቁሩ የሚያሸንፍበት ቦታም አለ። መብራት በጠፋ ክፍል ውስጥ ነጭ ስክሪን ዓይን ይወጋል። በዓይናችን የውስጥ ጀርባ ባለው ሬቲና ላይ ደግሞ «ቀን ነው» የሚል መልእክት ወደ አንጎል የሚልኩ ህዋሳት አሉ፤ እነሱን ይበልጥ የሚቀሰቅሳቸው የሞገድ ርዝመቱ ወደ 480 ናኖሜትር የሚጠጋው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ስለዚህ ከመኝታ በፊት የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ ተገቢ ነው። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ያለባቸው ሰዎችም ብዙ ጊዜ በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ይቀላቸዋል፤ ከመደቡ የሚመጣው ብርሃን በደፈረሰው ሌንስ ውስጥ አይበተንባቸውምና።

ባትሪን በተመለከተ ወሳኙ የስክሪኑ ዓይነት ነው። ኤልሲዲ ስክሪን ጥቁር ሲያሳይም ከጀርባው መብራቱ አይጠፋም። በኦሌድ ላይ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ያበራል፤ ጥቁር ማለት የጠፋ ነጥብ ነው። እዚያም ቢሆን ቁጠባው እንደሚባለው አይደለም። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 እንዳሳዩት፣ የስክሪኑ ብርሃን ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲሆን ዳርክ ሞድ የሚቆጥበው በአማካይ ከ3 እስከ 9 በመቶ ነው። ብርሃኑ እስከ ጥግ ሲከፈት ነው ቁጠባው ከ39 እስከ 47 በመቶ የሚደርሰው።

ከጥቁርና ነጭ ወጥተን ወደ ሌሎቹ ቀለሞች ስንመጣ የምንወደው ቀለምና የሚነበበው ቀለም ጨርሶ ይለያያሉ። የኢንተርኔት ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲ የተባለው ድርጅት፣ የጽሑፍና የመደብ ፍካት ልዩነት ከ1 እስከ 21 ባለው መለኪያ ቢያንስ 4.5 እንዲሆን ይመክራል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ነው። ደማቅ ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ብቻ ነው፤ አይታይም ማለት ይቻላል። ደማቅ ሰማያዊ በነጭ ላይ 8.6 ሲያገኝ በጥቁር ላይ ወደ 2.4 ይወርዳል። ስክሪን ነጭ ሲያበራ ከሚታየን ፍካት 71.5 በመቶው ከአረንጓዴው፣ 21.3 በመቶው ከቀዩ የሚመጣ ሲሆን የሰማያዊው ድርሻ 7.2 በመቶ ብቻ ነው። በምናነብበት የሬቲና ማዕከል እምብርት ላይም ሰማያዊን የሚቀበሉ ህዋሳት የሉም ማለት ይቻላል።

በየበዓሉ በቴሌግራም የሚደርሱን የመልካም ምኞት ካርዶች ብዙዎቹ በሰንደቅ ዓላማችን ቀለሞች የተሠሩ ናቸው። ፍቅሩ ይገባኛል፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን በደማቅ አረንጓዴ ላይ ቢጫ ጽሑፍ ልዩነቱ 1.3፣ ቀይ ጽሑፍ 2.9 ነው። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎችም አሉ፤ ከሰሜን አውሮፓ ዘር ከሆኑ ወንዶች መካከል ከ12 አንዱ ያህል እንዲህ ነው። የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ አንዱ ሲሆን፣ ፌስቡክ ሰማያዊ የሆነውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ በ2010 ተናግሯል።

የብራና ጸሐፊዎቻችን የትኛው ቀለም ለንባብ እንደሚበጅ ያለ መለኪያ ደርሰውበታል። ዋናውን ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ጻፉ፤ ቀዩን ለቅዱሳን ስሞች፣ ለርእሶችና ለመሳሰሉት አቆዩት።

ለማኅበር፣ ለዕድር ወይም ለትምህርት ቤት ቀለም የምትመርጡ ሁሉ፣ የምትወዱትን ቀለም ለዳርቻውና ለዓርማው አድርጉት። ጽሑፉን ከ4.5 በታች አታውርዱት፤ ነጩንም ጥቁሩንም አዘጋጅታችሁ ምርጫውን ለአንባቢው ተዉለት።