ጥያቄውም ሥራውም የተማሪው ይሁን!

ትምህርት ከኑሮና ከሥራ ተነጥሎ ሊታይ የማይችል ማኅበራዊ ተግባር ነው። በመማሪያ ክፍል ውስጥ መምህሩ ብቻ የሚናገር፣ ሕፃኑ ብቻ የሚያዳምጥና የሚገለብጥ ከሆነ፣ በዚህ መልክ የተቀረጸው ዜጋ ነገ በፋብሪካም ሆነ በሠፈር ስብሰባ ትእዛዝ ከመጠበቅ ያለፈ ድርሻ አይኖረውም። በመሆኑም የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በራሳቸው ፍላጎት መርጠው፣ በራሳቸው ዕቅድ የሚያከናውኑት የፕሮጀክት ሥራ የመምህራንን ያህል የሠራተኛውና የሠፈሩ ነዋሪም ጉዳይ ነው እንላለን።

ይህን አሠራር የባለፀጎች ትምህርት ቤቶች ቅንጦት አድርገው የሚያዩ ወገኖች አሉ። የታሪክ ማስረጃ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው የቆሰለው ፈረንሳዊው መምህር ሴሌስታን ፍሬኔ እ.ኤ.አ. በ1920 ባር ሲዩር ሉ በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ መንደር በሚገኝ ድሃ ትምህርት ቤት ተመደበ። ረዥም ሰዓት ድምፁን ከፍ አድርጎ ማስተማር ስለተሳነው ልጆቹን ይዞ ወደ መስክና ወደ መንደሩ የእጅ ሙያተኞች ዘንድ መውጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ አነስተኛ የእጅ ማተሚያ መሣሪያ ወደ ክፍሉ አስገባ።

ከዚያ በኋላ ሕፃናቱ ያዩትንና የኖሩትን ራሳቸው ጻፉ። ጽሑፎቹ በክፍሉ ፊት ተነበቡ፤ የሚታተመው በድምፅ ብልጫ ተመረጠ፤ በጋራ ታረመ። ፊደል ለቃሚውም፣ ቀለም ቀቢውም፣ አታሚውም ተማሪው ሆነ። የታተመው ገጽ በሌላው የአገሪቱ ጫፍ፣ በብሪታኒ በምትገኘው ትሬገንክ ላሉ ተማሪዎች ተላከ። ሩቅ ያለ አንባቢ እየጠበቀው መሆኑን የተገነዘበ ሕፃን ፊደሉን አስተካክሎ ለመጻፍ የመምህር ቁጣ አላስፈለገውም።

ይህ ሥራ ያለ ትግል የተገኘ አልነበረም። ፍሬኔ ወደ ሳን ፖል ደ ቫንስ ከተዛወረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1933 ወግ አጥባቂ ወገኖች አንድ ሕፃን የጻፈውን የሕልም ታሪክ ሰበብ አድርገው ዘመቱበት፤ ቦታውንም እንዲለቅ ተደረገ። እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1935 በቫንስ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ሕፃናት በራሳቸው ጥያቄ መጻፍ ሲጀምሩ የሚደነግጥ ወገን መኖሩን ከዚህ እንረዳለን።

በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ዓላማው አድርጎ ነበር። ሆኖም ዛሬ «ፕሮጀክት» ተብሎ ለሕፃናት የሚሰጠው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚከናወነው በወላጅ እጅ ወይም በጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነው። ከፋዩ ያለው ልጅ ያጌጠ ሥራ ያቀርባል፤ የቀን ሠራተኛው ልጅ ግን በካርቶን ቁራጭ የለፋበትን ይዞ አንገቱን ይደፋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ በገንዘብ የተገዛ ሥራ ለአንደኛው ዕውቀት አይጨምርለትም፤ ሌላውን ግን ያሸማቅቀዋል። ይህ በመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚፈጸም የመደብ ልዩነት ነው።

መፍትሔው ከሕፃናቱ አካባቢ መነሣት ነው። «የቦኖው ውኃ በየትኞቹ ቀናት ይቋረጣል?» ብለው የጠየቁ ተማሪዎች ለአንድ ወር ቢመዘግቡ ሒሳብን፣ የወረፋውን እናቶች ቢያነጋግሩ ቋንቋን፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ቢመረምሩ ሳይንስን በተግባር ይማራሉ። ውጤቱንም ለሠፈሩ ስብሰባ ሊያቀርቡት ይችላሉ። የዚህ ሥራ ወጪ ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው። መምህሩም ከኃላፊነቱ አይወርድም፤ ነፃነት ልቅነት አይደለምና፣ አለካኩን ያስተምራል፤ ያልተረጋገጠውን «እንደገና አጣሩ» ብሎ ይመልሳል።

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የከተማ ነዋሪዎችና የገበሬ ማኅበራት ለማስተማሪያ ጣቢያዎች መቋቋም ያበረከቱት ድርሻ፣ ትምህርት ሕዝባዊ ድጋፍ ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚስፋፋ አሳይቷል። ስለዚህ ሠራተኞች የሥራ ቦታቸውን በር ለተማሪዎች ጥያቄ ይክፈቱ! የሠፈር ማኅበራት ለሕፃናቱ ሥራ በስብሰባቸው ጊዜ ይስጡ! ወላጆችም እጃቸውን ከልጃቸው ሥራ ላይ አንሥተው፣ ጆሯቸውን ለልጃቸው ጥያቄ ያውሱ!