«አይበገሬ» ወይስ «ግትር»? የአንድ ባሕርይ ስያሜና የመስክ ትርጉም በአሶሳ

«አይበገሬ» ከግስ የወጣ ቃል ቢሆንም ግሱ በአዎንታ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። «አይበገርም»፣ «አልበገርም» የሚሉት ሁሌም የሚነገሩ ሲሆኑ «ተበገረ» የሚል ተናጋሪ ግን በቀላሉ አይገኝም። መበገር ለኀይል ወይም ለማስፈራራት እጅ መስጠት ነው፤ ቃሉም የሚኖረው ይህንን በመካድ ውስጥ ነው።

አመሠራረቱ እንደ «አይቀሬ»፣ «አይረሴ»፣ «አይነኬ» እና «አይታክቴ» ነው። የአሉታው ግስ መድረሻ የሆነው «ም» ይወድቅና የመጨረሻው ፊደል ወደ ኀምስ ይለወጣል። በዚህ መልኩ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ቅጽል ይሆናል፤ «አይበገሬነት» ሲባልም ወደ ረቂቅ ስም ያድጋል። ከዚህ የተለየው «አልበገር ባይ» ነው። እዚህ ግሱ በአንደኛ መደብ ስለሚቆም የባለቤቱ ድምፅ አብሮ ይሰማል፤ «ባይ» የሚለውም አባባሉን የተናጋሪው የራሱ ያደርገዋል። «አይበገሬ» ግን ከውጭ ሆኖ የሚሰጥ የሌላ ሰው ፍርድ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ለተርጓሚ ትንሽ አይደለም።

«ግትር» ከ«ገተረ» ይወጣል፤ ወጥሮ ማቆምን ያመለክታል። «ሆዱ ተገተረ»፣ «ምን ይገትርሃል?» የሚሉት አነጋገሮች ውጥረቱንም ንቀቱንም ይዘዋል። «ችኮ» እና «ድርቅ ያለ» ከዚህ ብዙም አይርቁም። የመጽሐፍ ቅዱሱ «አንገተ ደንዳና» ደግሞ ወቀሳውን ግልጽ ያደርገዋል። «ጽኑ» በተለምዶ ለምስጋና ይውላል ቢባልም «ጽኑ እስራት» እና «ጽኑ ሕመም» እንደሚያሳዩት ቃሉ የሚመዝነው ጥንካሬን እንጂ በጎነትን አይደለም። ዐረብኛም «ሷሚድ» እና «ዐኒድ» ብሎ ይህንኑ መንታ ፍርድ ይለያል፤ የሱዳን ዐረብኛ በሚነገርበት የአሶሳ አካባቢ ይህ ማወዳደሪያ ከመስክ የራቀ አይደለም።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ ግን የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። አንድ የበርታ አዛውንት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሰጡት ቃል በአስተርጓሚ አማርኛ ይሆናል፤ ከዚያም በተመራቂው እጅ እንግሊዝኛ ሆኖ ወደ መመረቂያ ጽሑፍ ይገባል። ፍርዱ የሚደባለቀው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዝውውር ነው፤ እንግሊዝኛው የተሰጠውን ከመከተል በቀር ምርጫ የለውም።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ «አይበገሬነት» የሚለውን ቃል በአደባባይ ንግግር አዘውትሮ እንዲሰማ አድርጓል። በዚያው ወረዳ የውኃው መተኛ በሚሆነው ስፍራ የነበሩ ነዋሪዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል፤ በክልሉ በ2003 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የመንደር ማሰባሰብም ተመሳሳይ ጥያቄ አስነሥቷል። እንግዲህ አንድ ገበሬ «የአባቶቼን መሬት አልለቅም» ብሏል እንበል። ተመራማሪው «ነዋሪው ግትር አቋም ይዟል» ብሎ ቢጽፍ ግኝት የመሰለ ወቀሳ ጽፏል። «አይበገሬነቱን አሳይቷል» ቢል ደግሞ ውዳሴ ነው። ሁለቱም ከገበሬው አፍ አልወጡም። ለአቅመኛው «አይበገሬ»ን፣ ለአቅመ ቢሱ «ግትር»ን የማደል ዝንባሌም በእኔ እይታ ከቃላቱ ፍች ይልቅ ከጸሐፊው መቆሚያ ይመነጫል።

«እምቢ አለ» የሚለው አነጋገር ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ የተሻለ ነው፤ ድርጊቱን ይዘግባል፣ ባሕርይ ግን አይለጥፍም። «እምቢተኛ» እንኳ በመድረሻው ልማድን ስለሚያመለክት አንድ ጊዜ እምቢ ላለ ሰው ይበዛበታል። ተጠያቂው ራሱን «አልበገር ባይ ነኝ» ካለ ቃሉ በትእምርተ ጥቅስ ይግባ፤ በበርታ ወይም በጉሙዝ ቋንቋ የተናገረው ቃልም ከአማርኛው ጎን በድምፁ ይጻፍ፣ አስተርጓሚው ለምን ያንን አቻ እንደመረጠም በአንድ መስመር ይጠቀስ።