«ሊቀ መንበሩ» ወይስ «ሊቀ መንበሯ»? ስለ ሴት የገጠር ሹማምንት መጠሪያ

በደራ ወረዳ፥ በአንበሳሜ ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንደኛው አንዲት ሴት ለሊቀ መንበርነት ተመረጡ እንበል። ጸሓፊው በቃለ ጉባኤው ላይ «ሊቀ መንበሩ ስብሰባውን ከፈቱ» ብሎ ቢያሰፍር፥ ጽሑፉን ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ ተርጓሚ መሪዋን ወንድ አድርጎ ያልፋል። የሴትዮዋም ሥራ ከመዝገብ ይጠፋል። ስሕተቱ ከየት እንደሚመነጭና እንዴት ሊታረም እንደሚችል ከዚህ በታች እንመለከታለን።

አማርኛ በሦስተኛ መደብ ነጠላ ጾታን ይለያል፤ «ከፈተ»፥ «ከፈተች» ይላል። በአክብሮት ሲናገር ግን «ከፈቱ» ለሁለቱም አንድ ነው። እንግዲህ ባለ ሹመቱ ሲከበር ግሱ ጾታን ይሸሽጋል፤ ልዩነቱን የሚሸከመው በስሙ መጨረሻ የሚገባው የእሙርነት ምዕላድ፥ ማለትም ለወንድ «-ኡ/-ው»፥ ለሴት «-ዋ» ይሆናል።

ቋንቋው ጥንድ መጠሪያ አላጣም። ገዳሙ አበ ምኔትና እመ ምኔት፥ ገጠሩ አባወራና እማወራ ይላል። ዘውዲቱም በ1909 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ «ንግሥተ ነገሥታት» ተብለዋል፤ በግእዙ ሥርዐት «ንጉሠ» የነበረው «ንግሥተ» ሆኗል። በዚሁ መንገድ «ሊቅተ መንበር» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በሕዝቡ አንደበት የተለመደ ስላልሆነ አንመርጠውም።

«ሴት ሊቀ መንበር» የሚለው አነጋገር ለቆጠራ ይጠቅማል። በየዓረፍተ ነገሩ ሲደጋገም ግን ሹመቱን የወንድ ርስት፥ ሴቲቱን እንግዳ ያስመስላል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 7 በወንድ ጾታ የተነገረው ሴትንም እንደሚጨምር ይደነግጋል። ይህ ለሕግ ጽሑፍ ይበቃል፤ ሕግ ስለ ማንኛውም ሰው ይናገራልና። ቃለ ጉባኤ ግን የሚናገረው ስለ ታወቀ ሰው ነው። ሣህለ ወርቅ ዘውዴ በ2011 ዓ.ም. ርእሰ ብሔር ሆነው ከተመረጡ በኋላ «ፕሬዚዳንቷ ተናገሩ» ማለት ለጆሮ እንግዳ አልሆነም። ለቀበሌ ሹም የሚከለከልበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1. በመጀመሪያ ሲጠቀሱ «ወይዘሮ» ከሚለው ጋር ሙሉ ስማቸውና ሹመታቸው ይጻፍ፤ «ሊቀ መንበሯ» ብቻውን «የእሷ ሊቀ መንበር» ተብሎም ሊነበብ ይችላልና።

2. ከዚያ በኋላ «ሊቀ መንበሯ»፥ «አስተዳዳሪዋ» ይባል፤ ግሱ በአክብሮት ይቆይ።

3. ተርጓሚ «ከፈቱ» የሚለውን ብቻ አይቶ ጾታን አይወስን፤ ስሙን ከመዝገቡ ያመሳክር።

አንዲት ፊደል ለመጨመር የሚወጣው ድካም ጥቂት ነው፤ ማን እንደ መራ የሚመሰክረው ግን ያችው ፊደል ናት።