አንዴ ለከፈለ የሚረክስ ባቡር

በእንግሊዝ አገር በባቡር ለሥራ የሚመላለስ ሰው የዓመት ትኬት ሲገዛ የሚጠየቀው የ40 ሳምንት ሂሳብ ነው። የቀሩት 12 ሳምንታት ምርቃት ናቸው። የወር ትኬት ደግሞ የሳምንቱ 3.84 እጥፍ ነው። ለስሌት እንዲመቸን የአንድ መስመር የሳምንት ትኬት 100 ፓውንድ ነው እንበል። በየሳምንቱ እየገዛ ዓመቱን የዘለቀ 5,200 ያወጣል፤ በየወሩ የገዛ 4,608፤ በአንዴ የከፈለ 4,000። ባቡሩ ያው፣ ግፊያው ያው፣ መዘግየቱም ያው ነው። 1,200 ፓውንዱን ያተረፈው ሰውዬ ብልጫው ገንዘቡን ቀድሞ ማግኘቱ ብቻ ነው።

4,000 ፓውንድ ከየት ይመጣል? በብዙ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ድርጅቱ ያለወለድ ያበድርና ከደመወዝ በየወሩ ይቆርጣል፤ ብድሩ ከ10,000 ፓውንድ ካላለፈ ግብር አይነካውም። በኤጀንሲ ተቀጥሮ ቢሮ የሚያጸዳ ወይም አረጋውያን የሚንከባከብ ሰው ግን እንዲህ ያለ ብድር ማግኘቱ ያጠራጥራል። ስለዚህ የሳምንቱን ይገዛል። አነስተኛ ደመወዝ ያለው ለተመሳሳይ መንገድ የበለጠ የሚከፍልበት ታሪፍ ነው፤ እኔ ፍትሕ ልለው አልችልም።

የእኛ ሰው እቁብ አለው። ለንደን ውስጥ እቁብ የሚጥሉ ወገኖች ዕጣቸው ሲወጣ ለትኬት ቢያውሉት ከባንክ ወለድ የተሻለ ትርፍ ያገኙበታል። ግን አንድ አደጋ አለ። የዓመት ትኬት ሲመለስ ተመላሹ የሚሰላው የተጓዙበት ጊዜ በሳምንትና በወር ትኬት ዋጋ ተቀንሶ ነው፤ አሥር ወር ገደማ ካለፈው የሚመለስ ነገር አይኖርም። በአሥራ አንደኛው ወር ከሥራ የተሰናበተ ሰው በእጁ የሚቀረው ወረቀት ነው።

ጉዳዩ የዛሬ አይደለም። የባቡር አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ሕግ ወደ ግል ሲዛወር መንግሥት የተወሰኑ ታሪፎችን በቁጥጥሩ ሥር አስቀረ፤ የዓመት ትኬት ከነዚህ አንዱ ነው። ከ2004 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ጭማሪው አር ፒ አይ ከተባለው የዋጋ ንረት መለኪያ በ1 በመቶ እንዲበልጥ ተደረገ። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን ይህን መለኪያ በ2013 ከብሔራዊ ስታቲስቲክስነት ደረጃ አውርዶታል። የባቡር ታሪፍ ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት በእሱ መሰላቱን ቀጠለ። በ2023 5.9 በመቶ፣ በ2024 4.9፣ በ2025 4.6 ተጨመረ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ከማርች 2026 ጀምሮ ለአንድ ዓመት በእንግሊዝ ጭማሪ እንደማይኖር አሳወቀ፤ በ30 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው ተብሏል። የባቡር ኩባንያዎቹም አንድ በአንድ ወደ መንግሥት እየተመለሱ ናቸው፤ በአዲሱ ሕግ ሳውዝ ዌስተርን በሜይ 2025 ቀዳሚው ሆነ።

በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢሮ ለሚገቡ በ2021 ፍሌክሲ የተባለ ትኬት ወጣ፤ በ28 ቀን ውስጥ 8 ቀን ያስኬዳል። መጥፎ አይደለም። ነገር ግን የታሰበው ከቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር መሥራት ለሚችል ሰው ነው፤ ወለል ከቤት ሆኖ አይወለወልም።

ገንዘብ የሌለው በዕውቀት የሚያተርፍበት ቦታ ለንደን ነው። እዚያ ውድ የሚባለው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡30፣ ከቀኑ 10፡00 እስከ ምሽቱ 1፡00 ነው። ከ12፡30 በፊት በር ላይ ካርዱን ያስነካ የጽዳት ሠራተኛ በርካሹ ታሪፍ ይገባል። ሬይልካርድ የሚባለው የቅናሽ ካርድ በዓመት 35 ፓውንድ ነው፤ ለወጣት፣ ለአረጋዊና አብረው ለሚጓዙ ሁለት ሰዎች ጭምር የየራሳቸው ዓይነት አላቸው። የወጣቱንና የአረጋዊውን ካርድ የምድር ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ የለንደን የጉዞ ካርድ ከሆነው ኦይስተር ጋር ካገናኘላቸው በርካሹ ሰዓት ከታሪፉ ሲሶው ይወርዳል። ከባንክ ካርድ ጋር ግን አይገናኝም። ብዙ ሰው የባንክ ካርዱን ማስነካቱ ቀሎት ይህን ቅናሽ ያጣዋል። ጠዋት በካርድ፣ ማታ በስልክ ማስነካትም ያከስራል፤ ማሽኑ ሁለት ተሳፋሪ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ በቀን ከዚያ በላይ የማይቆረጥበት የክፍያ ጣሪያ አይሞላም። ሥራ ፈልጎ ለወራት ያጣ ደግሞ ከሥራ ማፈላለጊያ ቢሮው የግማሽ ዋጋ ካርድ መጠየቅ ይችላል።

ሐይበሪ ኤንድ ኢዝሊንግተን ጣቢያ ውስጥ መስመር የሚቀይር ሰው ሮዝ ቀለም ያለው የካርድ ማንበቢያ ያያል። መሐል ከተማውን፣ ማለትም ዞን 1ን፣ ሳይረግጥ እየዞረ የሚሄድ መንገደኛ እሱን ካላስነካ በመሐል እንዳለፈ ተቆጥሮ ሊከፍል ይችላል። በር የለው፣ የሚቆጣጠር የለው፤ ብዙዎች አጠገቡ ያልፋሉ።

ከለንደን ውጭ ያለው ትልቁ ዘዴ ትኬትን ለሁለት መክፈል ነው። ከለንደን ብሪስቶል የሚሄድ ሰው እስከ ዲድኮት አንድ፣ ከዲድኮት ሌላ ትኬት ቢገዛ ብዙ ጊዜ ይረክስለታል፤ መውረድ አያስፈልገውም፣ ባቡሩ እዚያ መቆሙ ብቻ ይበቃል። በአጭር መንገድ ደግሞ የሳምንት ወይም የወር ትኬት ያለው ሰው ከትኬቱ ወሰን አልፎ ሲሄድ ትርፉን መንገድ ብቻ ይገዛል፤ ለእሱ ባቡሩ ወሰኑ ላይ መቆምም አይጠበቅበትም። ሕጋዊ ነው። የትኬት መስኮቱ ሻጭ ግን ሳይጠየቅ አይናገረውም።

ባቡር ሲዘገይም የሚመለስ ገንዘብ አለ። በአብዛኞቹ ኩባንያዎች 15 ደቂቃ የዘገየ የአንድ ጉዞውን ሩብ፣ 30 ደቂቃ የዘገየ ግማሹን፣ አንድ ሰዓት የዘገየ ሙሉውን ያገኛል። የሳምንት ትኬት እንደ 10 ጉዞ ስለሚታሰብ፣ ከላይ ባነሳነው የ100 ፓውንድ ትኬት ሩቡ 2.50 ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በክረምት በረዶ ሲጥል ግን ሳምንቱን ሙሉ ሊሆን ይችላል። ማመልከቻው በ28 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ የባቡሩን መነሻ ሰዓትና የትኬቱን ፎቶ ይጠይቃል። የአንድ ጉዞ ወረቀት ትኬት ከሆነ መውጫው በር ስለሚውጠው፣ ፎቶው መነሣት ያለበት ገና ባቡሩ ውስጥ እያሉ ነው።