በፈረስ ጉልበት አይዋኝም

ለጓሮው ስዊም ስፓ መግዛት የፈለገ ሰው ምክር ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚሰማው «የፓምፑ ፈረስ ጉልበት የበዛውን ያዝ» የሚል ነው። ሻጮችም ቁጥሩን በትልቁ ይጽፉታል። ቁጥሩ ግን ስለ ውሃው ፍሰት የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው፤ አንዳንዴ እሱ ራሱ አያስተማምንም። በአሜሪካ ቤቶች በተለመደው 240 ቮልት 12 አምፔር የሚስብ ፓምፕ ከመስመሩ የሚያገኘው ቢበዛ 2,880 ዋት ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነውና ሲካፈል አራት እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ፓምፕ ላይ «6» ተብሎ ከተጻፈ፣ ሞተሩ ለአፍታ የሚደርስበት ጫፍ እንጂ ሲሠራ የሚውልበት አቅም አይደለም።

ስዊም ስፓ ምን እንደሆነ ብዙ አልተርክም። ከአራት እስከ ስድስት ሜትር የሚረዝም ገንዳ ነው፤ ውሃው ከፊት ይመጣል፣ ዋናተኛው ባለበት ይዋኛል። የሚለያዩት ውሃውን በሚገፋው ነገር ነው፤ ረከስ ያሉት በጠባብ ቀዳዳ የሚወጣ ጄት፣ ወደድ ያሉት ሰፊ ፕሮፔለር፣ ጥቂቶች ደግሞ ባለ መቅዘፊያ መንኮራኩር አላቸው።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዋናተኛውን የሚገታው ገፊ ኃይል ከመውጫው ስፋትና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ በየሰከንዱ የሚበላው ጉልበት ግን ከፍጥነቱ ኪዩብ ጋር። ስለዚህ ለአንድ ዓይነት ገፊ ኃይል ብዙ ውሃ በዝግታ ማንቀሳቀስ፣ ጥቂት ውሃ በፍጥነት ከመወርወር ይረክሳል። የአትክልት ማጠጫ ጎማን አፍ በአውራ ጣት ሸፈን ሲያደርጉት ውሃው ሩቅ ይፈናጠራል፤ ባልዲው ግን ቶሎ አይሞላም። እናስላው። 5 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያላቸው ሦስት ቀዳዳዎች በድምሩ 59 ካሬ ሴንቲ ሜትር ናቸው። 40 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ፕሮፔለር የሚጠርገው 1,257 ነው፤ 21 እጥፍ። የ21 ካሬ ሩት 4.6 ገደማ ስለሆነ፣ ጄቱ ያንኑ ገፊ ኃይል ለመስጠት ከአራት እጥፍ ተኩል በላይ ጉልበት ይፈልጋል።

ጄቱ በዙሪያው ያለውን ውሃ እየጎተተ ይሰፋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ሞመንተሙም አይጠፋም። የተረፈው ጉልበት ግን ወደ ሽክርክሪት ይለወጣል። ፊት የሚመታው፣ ትከሻን ወደ ጎን የሚገፋው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል፤ ስሌቱ ብክነትን አልቆጠረም። ፕሮፔለርም ውሃውን ያሽከረክራል፣ ማስተካከያ ፍርግርግ ይሻል። ውሃው የሚመለስበት መተላለፊያ ከጠበበ ጥቅሙ ይቀንሳል። በሚገባ የተቀመጡ ሰፋፊ ጄቶች መጥፎ ፕሮፔለርን ሊበልጡ ይችላሉ። የውሃን ሁከት በአንድ ቁጥር መግለጽ ይቻላል ወይ በሚለውም እኛው ባለሙያዎቹ እንጨቃጨቃለን።

ደግሞስ ምን ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል? ቻይናዊው ፓን ዣንሌ እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ 100 ሜትርን በ46.40 ሰከንድ ሲዋኝ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.16 ሜትር ነበር። ያንኑ ርቀት በሁለት ደቂቃ ለሚጨርስ ሰው 0.83 ይበቃዋል፤ በኪዩቡ ስሌት የሚፈልገው ጉልበት ለፓን ከሚያስፈልገው አንድ አሥራ ሰባተኛ ነው።

ቀን መዋኛ፣ ማታ ሙቅ መዘፍዘፊያ ይሆናል የሚለው ተስፋም አያዋጣም። የውድድር ገንዳ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው፤ ሙቅ ገንዳ እስከ 40 ይደርሳል። 7,000 ሊትር ውሃን በ10 ዲግሪ ለማሞቅ 81 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 5.5 ኪሎዋት ማሞቂያ 15 ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ሁለቱንም የሚሻ መዋኛውና መዘፍዘፊያው የተለያዩበትን ባለ ሁለት ክፍል ስፓ ይግዛ።

ለልጆች መንቦጫረቂያና ለጀርባ መታሻ ጄቱ በቂ ነው። ረጅም ሰዓት ለሚዋኝ የምመርጠው ፕሮፔለሩን ነው። ከመክፈልዎ በፊት የሞተሩን አምፔር ከሰሌዳው ላይ ያንብቡ፤ የዋና ልብስዎን ይዘው ሄደውም ውሃ በተሞላ ማሳያ ውስጥ ይዋኙ። ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።